የሹሙ ድርሻ

ያን ቀን ዝናቡ ከማለዳ ጀምሮ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ዋለ። ነፋስ የሌለው፣ ዝም ብሎ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ወፍራም የኅዳር ዝናብ ነበር። የመንደሩ የሴቶች ማኅበር ቤት ግድግዳ ስለሌለው በአራቱም በኩል የውኃ መጋረጃ ወርዶበት፣ ወረፋ የያዘው ሰው ምንጣፉን እየጎተተ ወደ መካከል ተሰብስቧል። ባሕር ተሻግሮ ከዋና ከተማው ከአፒያ በወር አንዴ የሚመጣው ሐኪም ስም ሲጠራ የሚሰማው አልነበረም። ነርሷ ኮሎቲታ ናት እየዞረች ትከሻ እየነካች ሰው የምታስነሳው።

ፉአቲኖ ባሏን ፔሳሚኖን ስትለምን ከርማ ነው ያመጣችው። እግሩ ካበጠ ሁለት ወር አልፎታል። ሐኪሙ ወረቀቱን አየና ወንበሩን ወደ ፊት ስቦ አፉን ወደ ባልና ሚስቱ ጆሮ አስጠጋ።

«ኮኮነት ተፍቆ ወተቱ በቃጫ ሲጠለል አይተዋል አይደል? ኩላሊት ማለት ያ ቃጫ ነው። የእርስዎ ግማሹ ተበልቷል። መቅረት ያለበት ይፈሳል፣ መውጣት ያለበት ይቀራል።»

«ይሰፋል?» አለ ፔሳሚኖ።

«አይሰፋም። የቀረውን ግን መጠበቅ ይቻላል። የደም ግፊቱን፣ ስኳሩንና ጨዉን ከያዙልኝ አሥር ዓመትም፣ ከዚያ በላይም ይሄዳል። ካልያዙልኝ አፒያ ይገባሉ። በሳምንት ሦስት ቀን ማሽን ላይ እየተኙ ደምዎን ማሳጠብ ነው፣ እስከ ዕለተ ሞት።» ከዚያ ወደ ፉአቲኖ ዞረ። «በጨው የተነከረ ሥጋ የለም። የቆርቆሮ ሥጋ የለም። ለጉልበቱ የሚውጣት የቁርጥማት ክኒንም ከዛሬ ጀምሮ የለችም፤ ኩላሊት የምትጨርስ እሷ ናት። ገባሽ?»

«ገባኝ» አለች። ደግሞም ገብቷታል። ከትምህርት ቤት በአሥራ ሁለት ዓመቷ ታናናሾቿን ልታሳድግ ብትወጣም የተነገራትን አትረሳም።

ሲነሱ ኮሎቲታ ክንዷን ያዘቻት። «አንቺስ? እግረ መንገድሽን ልለካሽ።»

«የኔን ተይው፣ ጎደሬ እሳት ላይ ጥጄ ነው የመጣሁት።»

በመንገድ ላይ ባልና ሚስት በአንድ የሙዝ ቅጠል ተጠልለው ሄዱ። ፔሳሚኖ ወደ ኋላ ዞር ብሎ አየና፣ «ማንም አልሰማም» አላት። «ዝናቡ ሸፈነን።»

«አዎ።»

«ቲሬሳም እንዳትሰማ።»

ቲሬሳ የፔሳሚኖ ታላቅ እህት ናት። በሹም ቤት የእህት ቃል ክብደት አለው፤ ወንድሟን ለሹመት ያበቃችው እሷ ስትሆን ልታወርደውም ትችላለች። ፉአቲኖ ግን ከሌላ መንደር ገብታ ያገባች ሚስት ናት። ገብታ ያገባች ሚስት ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ ትሸከማለች፣ ሁሉም በልቶ ሲነሳ ትበላለች። ፉአቲኖ ሠላሳ ዓመት እንዲህ ኖራለች፤ አላማረረችም፤ ማማረር የሚባል ነገር እንዳለም የምታስበው አልፎ አልፎ ነው።

ፔሳሚኖ ተናጋሪ ሹም ነው። ሰኞ ሰኞ ጉባኤ ሲቀመጥ ረጅሙን ዘንግ ተደግፎ፣ ጭራውን ትከሻው ላይ ጥሎ ስለ መንደሩ የሚቆመው እሱ ነው። ሲናገር ሽማግሌዎች አንገታቸውን ያቀናሉ። ፉአቲኖ ከቤት ጀርባ ድስት እየፈተገች ድምፁን ስትሰማ እጇ ይቆማል። እሷ ሦስት ሰው ፊት እንኳ መናገር አትችልም። የእሱ ንግግር የእሷም ይመስላት ነበር፤ ምክንያቱም ሌላ የራሷ የምትለው ነገር አልነበራትም። አፒያ ሄዶ ማሽን ላይ የተኛ ሰው ሰኞ ጉባኤ አይቆምም። ዘንጉን ለአጎቱ ልጅ ይሰጡታል። ስለዚህ ፉአቲኖ ያን ዕለት ጎደሬውን ከእሳት እያወጣች በልቧ ወሰነች፤ ፔሳሚኖ ማሽን ላይ አይተኛም።

የቤቱ ነገር ቀላል ነበር። ቀድሞ ለኮኮነቱ ወተት ማጣፈጫ ከባሕር የምትቀዳውን ውኃ ተወች፤ በሎሚና በሽንኩርት ተካችው። ጠዋትና ማታ ክኒኖቹን በትንሽ የኮኮነት ቅርፊት አድርጋ፣ አፉን እስኪከፍት ድረስ ፊቱ ቆማ ታስውጠዋለች። በሻዩ ስኳር እንዳይጨምር ዕቃውን ከአልጋዋ ሥር ደበቀች።

«እስረኛ አደረግሽኝ» ይላታል።

«እስር ቤት እንዲህ ዓይነት ዓሣ አያበሉም። ዋጠው።»

ያቃታት የድርሻው ነገር ነበር። ልቅሶ ሲሆን፣ ሹመት ሲሰጥ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ ከባሕር ማዶ በባልዲ ጨው ውስጥ ተነክሮ የሚመጣው የበሬ ሥጋ ይቀቀላል፣ አሳማ ይታረዳል፣ የቆርቆሮ ሥጋ ይከፈታል። ለእያንዳንዱ ሹም እንደ ማዕረጉ ድርሻው ይቀርብለታል፣ ስሙም ጮክ ብሎ ይጠራል። ድርሻውን ያልነካ ሹም ወይ ያቀረበለትን ሰው ንቋል፣ ወይ አብቅቶለታል። ከሁለቱ አንዱ ነው፤ ሦስተኛ የለም።

የመጀመሪያው ቀን የአንድ ሽማግሌ ቀብር ነበር። ፉአቲኖ ትሪውን ፊቱ አስቀምጣ እግሯን አጥፋ ተቀመጠች። ፔሳሚኖ ሥጋውን አየ፣ እሷን አየ። አትብላው በሚል አንገቷን በጥቂቱ ነቀነቀች። እሱም ጎደሬውን ቆረሰ፤ ሥጋውን በጣቱ ገነጣጠለ፣ ከወዲያ ወዲህ አደረገ፤ ስለ ሟቹ የዓሣ ማጥመድ ጀብዱ አንድ ረጅም ወሬ ጀመረና ሌሎቹ እየሳቁ ሲበሉ እሱ እየተረከ ቆየ። ከዚያ እጁን ታጠበና ትሪውን ገፋ። ማንም አላወቀም።

ፉአቲኖ ትሪውን ይዛ ከቤት ጀርባ ሄደችና የት እንደምትጥለው ጨነቃት። ለአሳማዎቹ ብትሰጥ የሹም ድርሻ አሳማ ሲበላው አሥር ሰው ያያል። ለሌሎቹ ሚስቶች ብታካፍል፣ «ሹሙ አልበሉም እንዴ?» ይሏታል። ከሹም የተረፈውን ሚስቱ መብላቷ ግን የወጉ ነው፤ ያን የሚያይ ዓይን የለም። ስለዚህ የኮኮነት ግንድ ተደግፋ ቁጭ አለችና በላችው። ጣፋጭ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አጥንትና የድስት ጥራጊ ለለመደች ሴት የሹም ሥጋ ምን እንደሚመስል ገና መቅመሷ ነው። ጣቶቿን ላሰች።

ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነ። እሱ ይገነጣጥላል፣ ያወራል፣ ይገፋል፤ እሷ ትበላለች። በመንደሩ ልቅሶውም ድግሱም አይጠፋም። አንዳንዴ በሳምንት ሁለቴ ይሆናል።

የክኒኑም ነገር እንዲሁ ሆነ። ባሕር ማዶ የምትሠራው ልጃቸው ኤሴታ ከኦክላንድ ለአባቷ ጉልበት ብላ የቁርጥማት ክኒን በትልቅ ዕቃ ትልክ ነበር። ፉአቲኖ ከከረጢቱ አውጥታ ወሰደችበት። ልትጥለው እጇ አልታዘዘላትም፤ ልጇ ለፍታ የላከችው ነው። በዚያ ሰሞን ደግሞ ራሷን ከማጅራቷ አንስቶ ያማት ጀመር። አንዷን ዋጠችና ተሻላት። በማግስቱም ዋጠች። ዕቃው ሲያልቅ ኤሴታ ሌላ ትልካለች፤ አባቷ የሚወስደው ይመስላታል።

በቧንቧው ዙሪያ ሴቶቹ ዕቃ ሲያጥቡ ይቀልዱባታል።

«ፉአቲኖ፣ ባልሽ እየከሳ አንቺ እየወፈርሽ ነው። ምን እያደረግሽው ነው?»

«ቀስ በቀስ እየበላሁት ነው» ትላለች።

«ለኛም ቁራጭ አስቀሪልን እንጂ።»

ይሳሳቃሉ። ቲሬሳ ግን አትስቅም። አንድ ቀን ከላይ እስከ ታች አየቻትና፣ «ወንድሜ አጥንት ብቻ ቀረ» አለች። «ስትገቢ አጥንት ነበርሽ። አሁን እግርሽን እዪው፣ ጫማ አልገባ ብሎሻል። የሹም ምግብ ተስማምቶሻል።»

«ተስማምቶኛል፣ እትዬ» አለች ፉአቲኖ፣ ሳህን እየደረደረች።

እግሯ አብጦ ነበር እንጂ አልወፈረም። ማታ በጣቷ ስትጫነው ጉድጓዱ እዚያው ይቀራል። የባሏ እግር እንዲህ ሲሆን ልመና የገባችው ሴት የራሷን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክራ ተወችው። ሽንቷ አረፋ ሲሆን ሳሙና የቀረበት መስሏት መጸዳጃውን ደጋግማ አጠበች። በየወሩ ግን ፔሳሚኖን ይዛ ሐኪሙ ፊት ትቀርባለች። ኮሎቲታ ወረቀቱን እያየች ፈገግ ትላለች።

«ኩላሊቱ ከመቶ አርባ ስምንት ይሠራል። አምናም አርባ ስምንት ነበር። ሐኪሙ በየመንደሩ ስምሽን እያነሳ ነው፤ እንደዚያች ሴት አድርጉ ይላቸዋል። አንቺ ራስሽ መቼ ነው የምትለኪልኝ?»

«ሌላ ቀን። ምድጃ ላይ ጥጄ መጥቻለሁ።»

ፉአቲኖ ያን «አርባ ስምንት» የሚል ቃል በመንገዱ ሁሉ በልቧ ይዛው ትሄዳለች። በሕይወቷ በሰው ፊት የተመሰገነችበት ነገር እሱ ብቻ ነው።

ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሄደ። በዘጠነኛው ዓመት የፓስተሩ አዲስ ቤት ተመረቀ። ከአራት መንደር ሹሞች መጡ፤ ፔሳሚኖ ቆሞ የተናገረው ንግግር እስከ ዛሬ ይወሳል። ፉአቲኖ ያን ጠዋት አፏ የዛገ ብረት ብረት ይላት ነበር፤ ከተነሳች ጀምሮ ሁለት ጊዜ አስመልሷታል። ንግግሩ ሲያልቅ ትሪውን አንስታ ሦስት እርምጃ ሄደችና ወደቀች። ሥጋው በምንጣፉ ላይ ተበተነ። ከመውደቋ ይልቅ ያሳፈራት እሱ ነው፤ እንደተኛች በእጇ ልትሰበስበው ስትሞክር አዩዋት።

በፒክአፕ ጭነው ወረዳው ሆስፒታል አደረሷት። ኮሎቲታ ደም ወሰደች፣ ሄደች፣ ተመለሰች። እንደገና ወሰደች።

«የመጀመሪያው ምን ሆነ?» አለች ፉአቲኖ።

«ከሌላ ሰው ደም የተቀላቀለ መስሎኝ ነበር።» ኮሎቲታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «ደምሽ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው መቼ ነው?»

«የኔ? የሚታየው የሱ ነው እንጂ።»

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እያመላለስሽው አንድ ቀን እንኳ?»

ፉአቲኖ አንሶላውን ወደ አንገቷ ሳበች።

«ራስሽን ያምሽ ነበር?»

«እሱማ ሁልጊዜ ነው። ክኒን አለኝ።»

«የምን ክኒን?»

ነገረቻት። ስለ ክኒኑ ነገረቻት፤ እዚያ ላይ እያለች ስለ ሥጋውም ነገረቻት፤ የሚደበቅ ነገር መስሎ አልታያትም። ኮሎቲታ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሰማቻት።

«እትዬ ፉአቲኖ፣ ሐኪሙ ስለ ክኒኗ ሲናገር ከፊቱ ተቀምጠሽ አልነበረም? አንቺን እያየ አልነበረም የነገረሽ?»

«ስለሱ ነው የነገረኝ» አለች ፉአቲኖ። «የታመመው እሱ ነው።»

ኮሎቲታ ልትቆጣት አፏን ከፈተችና ተወችው። ስኳሩም ግፊቱም ከብዙ ዓመት ጀምሮ የነበረባት መሆኑን፣ ሥጋውና ክኒኑ ብቻቸውን ያመጡት እንዳልሆነ፣ ግን እንዳጣደፉት ቀስ ብላ አስረዳቻት። በጊዜ ተለክታ ቢሆን ባሏ የሚውጣቸው እነዚያው ክኒኖች ይበቋት ነበር። የቀራት ከመቶ ሰባት ነው። የሱ አርባ አምስት ነው።

«አርባ ስምንት አልነበረም?» አለች ፉአቲኖ፣ ቀና ብላ።

«ዘንድሮ አርባ አምስት ነው። ደህና ነው። እሱ ደህና ነው፣ እትዬ። ማሽን የሚያስፈልግሽ አንቺ ነሽ።»

በሦስተኛው ቀን ወደ ቤት መለሷትና ቤተሰቡ ተቀመጠ። አሁን ሁሉም ነገር ተነግሯል፤ የፔሳሚኖም በሽታ፣ የሷም። ቲሬሳ እስከ መጨረሻው ሰማችና መጀመሪያ ወደ ወንድሟ ዞረች።

«ዘጠኝ ዓመት ደበቅከኝ?»

«ደበቅኩሽ።»

«ግን ቆመሃል።» ተመለከተችው። «ትናገራለህ፤ ማንም ምንም አላለም። ይሁን፣ ዘንጉ እጅህ ላይ ይቆይ።» ከዚያ ፉአቲኖን ሳታይ ቀጠለች። «ማሽኑ አፒያ ነው። ገብታ ያገባች ሚስት ስትታመም ወደ ወገኖቿ ነው የምትሄደው። እናቴም የአጎቴን ሚስት እንዲሁ አደረገቻት። የወንድሟ ልጅ እዚያው አፒያ አጠገብ ቫይቴሌ ቤት አለው አይደል?»

«አለው» አለች ፉአቲኖ።

«ሹም ሚስቱን ተከትሎ ባሕር አይሻገርም።»

ፉአቲኖ ወደ ፔሳሚኖ አየች። አራት መንደር አፉን ከፍቶ የሚሰማው ሰው ምንጣፉን እያየ ነበር። አንድ ቃል ቢናገር ኖሮ ቲሬሳ ትሸነፍ ነበር፤ እህትም ብትሆን በንግግር የሚረታው የለም። ፉአቲኖ ጠበቀችው። እንደሚናገር እርግጠኛ ነበረች። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ከቤት ጀርባ ሆና ያዳመጠችው ድምፅ አሁን ስለሷ ሊቆም ነው ብላ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች።

ፔሳሚኖ ግን፣ «ማን ያበስልልኛል?» አለ።

«እኔ አበስልልሃለሁ» አለች ቲሬሳ። «ታሳየኝ።»

ያን ቀን ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ፔሳሚኖ ወደ ተኛችበት መጥቶ ተቀመጠ። ሽርጡን ጉልበቱ ላይ እያስተካከለ፣ «ያ ሁሉ ሥጋ የት ነበር የሚሄደው?» አላት።

«የት ይሄዳል?»

«ለውሻ የምትሰጪው መስሎኝ ነበር።»

«መቼ ጠየቅከኝ?»

«አልጠየቅኩሽም» አለ። ይህን ያለው እንደ ተናጋሪ ሳይሆን እንደ ማንኛውም ሽማግሌ ሰው ነው። እጁን ያበጠ እግሯ ላይ አኖረና ትንሽ ቆይቶ አነሳው። ይቅርታ እንኳ አላለም፤ እሷም አልጠበቀችም። መጠበቋን ያን ቀን፣ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት፣ ጨርሳለች።

የቀራትን ሁለት ቀን ቲሬሳን በማሳየት አሳለፈችው። የጠዋቱ ክኒን ይህ ነው፣ የማታው ይህ ነው፤ ፊቱ ቆመሽ ካላየሽው ከጉንጩ ሥር ይደብቃል። የባሕር ውኃ እንዳትጨምሪ፣ ይለምንሻል። በወሩ መጀመሪያ ወደ ኮሎቲታ ውሰጂው። ቲሬሳ በትዕግሥት ሰማች። ሲጨርሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ድርሻውስ? ሰው ፊት የሚቀርበውን ምን አድርጌ ላጥፋው?»

«አንቺ እህት ነሽ» አለቻት ፉአቲኖ። «ወንድሜ ታሟል፣ አይበላም በያቸው። አንቺ ካልሽ ማንም አይጠይቅሽም።»

ቲሬሳ የክኒኑን ዕቃ ከደነችና፣ «ያኔ ለኔ ብትነግሩኝ ኖሮ እንዲሁ እል ነበር» አለች። እውነቷን ይሁን ውሸቷን ፉአቲኖ አላወቀችም። ላታውቅ መረጠች።

ወደ አፒያ የሚሻገረው መርከብ የሚነሳው ሰኞ ነበር፣ የጉባኤ ቀን። ፔሳሚኖ እስከ አውቶቡሱ ሸኛት፤ ከረጢቷን ተቀብሎ አሳፈረላት። ወዲያው ከጉባኤው ቤት ሰው ጠራው። አውቶቡሱ ከመታጠፉ በፊት ጀርባውን ሰጥቶ ሲሄድ አየችው።

ፉአቲኖ ዛሬ ስልሳ ዓመቷ ነው። ቫይቴሌ፣ በወንድሟ ልጅ ቤት የኋለኛ ክፍል ውስጥ ትኖራለች። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት በአውቶቡስ ትሄድና ግራ ክንዷ ላይ ሁለት መርፌ ተተክሎላት ለአራት ሰዓት ያህል ማሽን ላይ ትተኛለች። ከተመለሰች በኋላ እስከ ማግስቱ ድረስ ቆማ መሥራት አትችልም። ፔሳሚኖ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ፣ ለጉዳይ አፒያ ሲመጣ፣ ጎብኝቷታል። እሱ አሁንም በጉባኤው ይናገራል፤ ኩላሊቱ አርባ አራት ላይ ነው። እሷ እዚያ መኖሯን እንደማይቀር ነገር ተቀብላዋለች፤ ወደ መንደሩ ተመልሳ አታውቅም።